ሸፊቃና ባለሜትሯ

ሸፊቃ የምትፈራው ነገር ብዙ አልነበረም። የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲያጓራ፣ ሰፈርተኛው እየተጯጯኸ ወደ ዳገቱ ሲሮጥ፣ እሷ መጀመሪያ ምድጃዋን አጥፍታ፣ የጋለ ዘይቷን ከድና፣ ጫማዋን ፈልጋ ነው የምትወጣው። ከደንበኛ ጋር ስትጣላ ድምፅዋ ሦስት ቤት አልፎ ይሰማል። ሜትር የያዘ ሰው ግን ያስፈራታል። ልብስ ሰፊ እንኳ ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በደጇ ካለፈ፣ ጥግ እስኪታጠፍ ድረስ በዓይኗ ሳትሸኘው ወደ ሥራዋ አትመለስም።

ፍርሃቱ የመጣው ከፋርሂያ ቤት ነው። ፋርሂያ ከታች መንገድ ትኖር የነበረች ጎረቤቷ ናት። ከስምንት ዓመት በፊት የተሰነጠቀ ግድግዳዋን ለማደስ ፈቃድ ልጠይቅ ብላ ቢሮ ሄደች። ሜትር የያዙ ሁለት ሰዎች መጡ፤ ለኩ፣ ጻፉ፣ ሻይ ጠጥተው ሄዱ። በሦስተኛው ወር ግድግዳው ላይ ቀይ ቀለም ተቀባ። በአራተኛው ወር ግድግዳው ራሱ አልነበረም። እውነቱ ምን እንደነበር ሰፈሩ በደንብ አያውቅም፤ ሰፈር ደግሞ የማያውቀውን ነገር ከሚያውቀው አስበልጦ ነው የሚያወራው። ሸፊቃ ጆሮ ውስጥ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ ፋርሂያ ባትጠይቅ ኖሮ ቤቷ ይኖር ነበር።

የሸፊቃ ቤት የእናቷ ቤት ነው። ሁለት ክፍል፣ ፊት ለፊት ሳምቡሳና ባጊያ የምትጠብስበት ትንሽ ሱቅ፣ ከኋላ ደግሞ አንዲት የሎሚ ዛፍ ያለባት ግቢ። ሽንት ቤቱ ከግቢው ጫፍ ነው፤ አራት ደረጃ ይወጣል፣ በሩም ጠባብ ነው። ለአርባ ዓመት ማንም በዚህ ቅር ብሎት አያውቅም። ከሁለት ዓመት በፊት ባሏ ሞሐሙድ በስትሮክ ከወደቀ በኋላ ግን እነዚያ አራት ደረጃዎች ተራራ ሆኑ።

ሞሐሙድ ሃያ ስድስት ዓመት በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና የነዳ፣ ከክላክስ የሚበልጥ ድምፅ ያለው ሰው ነበር። አሁን ግራ ጎኑ አይታዘዝለትም። ሽንት ቤት ለመሄድ ሁለት ወንድ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ጎረቤታቸው በድሩ ነው፣ ሁለተኛው በዚያ ሰዓት የተገኘ ሰው። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይቀልድ ነበር። «ጭነቱ ከባድ ነው፣ ቀስ በሉ» ይላቸዋል። ቀልዱ ቀስ በቀስ አለቀና ዝምታው ቀረ።

አንድ ቀን ሸፊቃ ለሙቀቱ ግቢ ካወጡለት አልጋ አጠገብ ያለው የሎሚው ሥር ሁልጊዜ እርጥብ መሆኑን አየች። ውሃ የሚያጠጣው ሰው የለም። በማግስቱ ከሱቁ በር ጀርባ ቆማ ስትሰልል ሞሐሙድ የሰጠችውን ብርጭቆ በደህና እጁ አንስቶ፣ ግራ ቀኝ አይቶ፣ አንዲት ጠብታ ሳይቀምስ ሎሚው ላይ ሲደፋው አየችው። ሰው እንዳይሸከመው ብሎ ነው ውሃ የተወው። በዚያ በድሬ ግንቦት! የሐኪሙ ቃል አጭር ነበር፤ «ኩላሊቱ እየተጎዳ ነው፤ ካልጠጣ አይቆይም።»

ስለዚህ አንድ ክፍል ያስፈልጋል። ሦስት በሦስት፣ ደረጃ የሌለው፣ ሽንት ቤት ያለው፣ ሞሐሙድ ግድግዳ ይዞ ብቻውን የሚገባበት። ትንሽ ነገር ነው። ሸፊቃ ግን ነገሩን የምታየው እንዲህ ነበር፤ ክፍሉ ካልተሠራ ባሏን ታጣለች፣ ልሥራ ብላ ከጠየቀች ቤቷን። እንቅልፏን ያጣችው በዚህ ነው።

ግንበኛው ጦልሃ ግን ጭንቀት የሚባል ነገር ደጁን አያውቀውም።

«አቦ ሸፊቃ፣ ምን ያስጨንቅሻል? ዘንድሮ አረፋ ዓርብ ነው የሚውለው። ቅዳሜና እሑድ ይከተላል። ሦስት ቀን ሙሉ ቢሮ የሚባል ነገር የለም። ሐሙስ ከሰዓት እንጀምራለን፣ እሑድ ቆርቆሮ እንመታለን። ሰኞ ደንብ አስከባሪ ቢመጣ "ድሮም ነበረ" ነው መልሱ፤ አለቀ።»

ይህ የጦልሃ ፈጠራ አይደለም። በዚያ ሰፈር ስንትና ስንት ክፍል የተወለደው በበዓል ነው። በአረፋ በአንዱ ግቢ በግ ሲታረድ ከአጥሩ ወዲያ ብሎኬት ሲደረደር ይሰማል፤ ጦልሃም ከአምስት ዓመት ወዲህ የአረፋ ሥጋ በወጉ ተቀምጦ በልቶ አያውቅም። ሸፊቃ እሺ አለች። መሬቱ ድንጋያማ ስለሆነ መሠረቱ ቀደም ብሎ ይቆፈር ተባለና በእሑዱ ከጎረቤቷ ከበድሩ አጥር ጥግ ጉድጓዱ ተቆፈረ።

ሰኞ ልጇ ሆዳን ደወለች። ሆዳን ሳቢያን በሚባለው ሰፈር አግብታ የምትኖር፣ ፋርማሲ የምትሠራ፣ ቁጣዋን ከእናቷ የወረሰች ልጅ ናት። የአረፋውን ዕቅድ ሰምታለች፤ ስለ ጉድጓዱ ግን አታውቅም።

«እማ፣ ነገ ጠዋት ኢዲልን ይዣት እመጣለሁ። አብራኝ የተማረች ናት፤ የከተማ ፕላን ባለሙያ። ቢሮ ሠርታ ወጥታ አሁን የራሷን ከፍታለች፤ እንዳንቺ አንድ ክፍል ለሚጨምሩ ሰዎች ነው የምትሠራው።»

«ፕላን? ሜትር ይዛ?»

«ያለ ሜትር እንዴት ትለካዋለች እማ! በድብቅ የተሠራ ሽንት ቤት ቢፈርስ አባዬን የት ልታደርጊው ነው?»

«ትምጣ» ብላ ሸፊቃ ስልኩን ዘጋች። በገዛ አፏ ባለሜትር ቤቷ ጠርታለች። ያውም የተቆፈረ መሠረት ግቢዋ ውስጥ አፉን ከፍቶ እያለ።

ማክሰኞ ጠዋት ሸፊቃ ያደረገችው ነገር ሌላ ከተማ ቢሆን አይሠራም ነበር። በግንቦትና በሰኔ ድሬዳዋ ሰው ቤቱ ውስጥ አይተኛም፤ ቆርቆሮው ያነደደውን ክፍል ለዕቃ ትቶ አልጋውን ግቢ ያወጣል። ግቢ ውስጥ ሦስት አልጋ ማየት ማንንም አያስገርምም። ጉድጓዱ ላይ እንጨት አጋድማ፣ በእንጨቱ ላይ ሰሌን ዘርግታ፣ ከላይ ሦስቱንም አልጋ ደረደረች። መሃለኛው ላይ ሞሐሙድን አስተኛችው። በድሩና ጦልሃ ሲያጋድሙት ሞሐሙድ ከስንት ጊዜ በኋላ ሳቀ።

«እኔን ደግሞ ክዳን አደረግሽኝ» አላት።

«ዝም በል። ልጅቷ እስክትሄድ ድረስ እንዳትንቀሳቀስ።»

ኢዲል ከሆዳን ጋር ገባች። ወጣት፣ ቀጭን፣ ረጅም ሻርፕ የለበሰች፣ በስፖርት ጫማ የምትራመድ ልጅ ናት። ሸፊቃ የጠበቀችው ሌላ ዓይነት ፊት ነበር። ይህችኛዋ አስፈሪ አለመሆኗ ራሱ አስፈራት።

«ኤዶ ሸፊቃ» አለቻት፣ ሶማሌ አክስቱን እንደሚጠራ። ከዚያ ከቦርሳዋ ትልቅ ቢጫ ሜትር አወጣችና ጫፉን ዘረጋችላት። «ያዢልኝ እስቲ፤ ግድግዳው ላይ አስጠግተሽ።»

ሸፊቃ የሜትር ጫፍ ያዘች። መኝታ ቤቱን ለኩ። ሱቁን ለኩ። ግቢውን በርዝመቱ ለኩ። በእያንዳንዱ ቁጥር ኢዲል ደብተሯ ላይ ስትጽፍ ሸፊቃ የፋርሂያን ግድግዳ ታስባለች።

«ይሄ ሁሉ አፈር ከየት መጣ?» አለች ኢዲል፣ ሸራ የለበሰውን ክምር አይታ።

«ለአበባ ነው።»

«ስንት አበባ ልትተክይ ነው ኤዶ?»

ሆዳን እናቷን በዓይኗ ወጋቻት። ሸፊቃ መሬት መሬቱን አየች። ኢዲል ሜትሯን እየጎተተች ወደ አልጋዎቹ መጣች። «አዴር» አለችው ሞሐሙድን፣ አጎቴ ለማለት። «አልጋህን ትንሽ ልናስጠጋው ነው፤ ጥጉን ልለካ።»

«አይሆንም!» ሸፊቃ ጮኸች። «ወገቡን ያመዋል! ከተነካ ያመዋል!»

«እሺ፣ ከዚህኛው ወገን እለካለሁ» ብላ ኢዲል በጉልበቷ ተንበረከከች።

ያኔ ሸፊቃ የባሏን ፊት አየች። የምታውቀው ፊት ነው፤ ግንባሩ በላብ ተጠምቋል፣ ደህና እጁ የአልጋውን ጠርዝ ጨብጧል፣ ከንፈሩን ነክሷል። ሽንቱ መጥቶበታል። ሊሸከሙት ደግሞ አልጋው መነሳት አለበት፣ አልጋው ከተነሳ ሰሌኑ፣ ሰሌኑ ከተነሳ ጉድጓዱ። በዓይኗ ለመነችው። እሱም በዓይኑ እሺ አላት። ልጅቷ እየለካች፣ እየጻፈች፣ አንገቷን ቀና አድርጋ የቆርቆሮውን ክፈፍ እያየች ደቂቃው አላልቅ አለ። ሸፊቃ በዚያች ሰዓት ራሷን ጠላች። ሴት ለአንድ ክፍል ብላ፣ ያውም ለእሱ ብላ በምትሠራው ክፍል፣ ባሏን እንዲህ ታሠቃያለች? ግን አፏ አልከፈት አለ።

አፉን የከፈተው ሞሐሙድ ነው።

«ልጄ» አለ በሶማሊኛ፣ ድምፁ ተሰባብሮ። «እኔ የተኛሁት ጉድጓድ ላይ ነው። መሠረት ቆፍረን ከአንቺ ደብቀናል። አሁን ውጪልኝና ሁለት ወንድ ጥሪልኝ፤ አልቻልኩም።»

ኢዲል ሜትሯን መሬት ላይ ጥላ ሮጠች። በድሩና ጦልሃ እየተጋፉ ገቡ፤ አልጋውን አነሱ፣ ሰሌኑ ተንሸራተተ፣ የጦልሃ አንድ እግር ጉድጓዱ ውስጥ ገባ። ግን አልደረሱም። ያ በሰመራ በረሃ ጎማ ለብቻው የቀየረ ሰው በልጁና በጎረቤቶቹ ፊት ረጠበ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ሸፊቃ በዚያች ቅጽበት ሞቷን ተመኘች።

ኢዲል የተመለሰችው እሱን አጥበው ልብስ ቀይረው ካስተኙት በኋላ ነው። ወደ እሱ አላየችም፤ እንዳያፍር ብላ። ከሸፊቃ አጠገብ ተቀመጠችና ጉድጓዱን ቁልቁል አየችው።

«ኤዶ፣ እኔ አፍራሽ አይደለሁም። የቢሮ ሰውም አይደለሁም፤ ያንቺ ሰው ነኝ። ያንቺን ነገር ይዤ ነው ወደ እነሱ የምሄደው። ከደበቅሽኝ ግን ያልተደበቀውን ብቻ ይዤ እሄዳለሁ፤ የሚያስፈርስሽ ደግሞ ያ የተደበቀው ነው።»

«ፋርሂያ ጠይቃ ነው የፈረሰባት» አለች ሸፊቃ፤ እንባዋ ቀደማት።

ኢዲል ስለ ፋርሂያ አልተከራከረችም። «ከዚህ አጥር ወዲያ ምን አለ?» ብላ ጠየቀች።

«የእኔ የውሃ ጉድጓድ» አለ በድሩ። «ውሃ በፈረቃ ስትመጣ የምናጠራቅምበት።»

«ከዚህ ስንት እርምጃ ነው?»

በድሩ ርቀቱን በዓይኑ ለካው። አራት እርምጃ ነው። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ የሚቆፈረው ደግሞ እዚህ፣ ሰባት ልጆች ከሚጠጡበት ውሃ አራት እርምጃ ላይ። ቀስ ብሎ ጦልሃን አየው።

«ወላሂ አላሰብኩትም» አለ ጦልሃ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ የተጨነቀ መሰለ።

ኢዲል ደብተሯን ገልጣ እዚያው አልጋው ጠርዝ ላይ ሣለች። ክፍሉ አጥር ጥግ ሳይሆን ከመኝታ ቤቱ ጋር ይያያዝ፤ በሩ ከውስጥ ይከፈት፤ በሩ ሰፊ፣ ወለሉ እኩል፣ በግድግዳው ላይ የሚያዝ ብረት። የቆሻሻው ጉድጓድ በሌላኛው ጥግ። ሞሐሙድ ከአልጋው ተነስቶ ሰባት እርምጃ፣ ከዚያ በላይ አይሄድም። ሁሉም የራሳቸው ቤት የሚሠራ ይመስል ሥዕሉ ላይ አጎነበሱ። ጉድጓዱ በዚያው ቀን ተደፈነ፤ ሸፊቃም ፈቃድ ይጠየቅ አለች፤ ኢዲል ሥዕሉን ይዛ ወደ ቢሮ ሄደች።

አረፋ መጣ። ዙሪያውን በየግቢው መዶሻ ሲመታ ዋለ። ሦስቱም ቀን ሸፊቃ ሞሐሙድን ታያለች፤ ብርጭቆውን ትሰጠዋለች፤ እሱ ከንፈሩን ያረጥብና ይመልስላታል። ጦልሃ በሌላ ሰው ጣሪያ ላይ ሆኖ በአጥር ላይ ያያትና «አሁንም እንችላለን!» ይላታል። ሁለት ጊዜ እሺ ልትለው አፏን ከፍታለች። ወረቀት እስኪመጣ ባሏ ቢሞትስ? ወረቀቱን የመረጠችው እሷ አይደለች? ይህን ፍርሃት ለማን ትነግረዋለች።

ከአረፋ በኋላ በሁለተኛው ሳምንት ኢዲል ወረቀት ይዛ መጣች። ሸፊቃ ፊቷን ስታይ ነገር እንዳለ አወቀች።

«ክፍሉ ተፈቅዷል» አለች ኢዲል። «ግን አንድ ነገር አለ፤ አልደብቅሽም።»

ወደ ሱቁ ወሰደቻት። ከበሩ ወደ ምድጃው ሁለት ሜትር ያህል ለካችና በጠመኔ ወለሉ ላይ መስመር ሠራች። ከመስመሩ ወዲህ የሸፊቃ ነው። ከመስመሩ ወዲያ፣ የሳምቡሳው ጠረጴዛ፣ መስኮቱ፣ ደንበኛ የሚቆምበት ደፍ፣ በከተማው ፕላን ላይ መንገድ ነው። ፈቃዱን ለመውሰድ፣ መንገዱ በሚሰፋበት ጊዜ ይህን እንደምትለቅ መፈረም አለባት።

ይኸው። ስምንት ዓመት የፈራችው ነገር በነጭ ጠመኔ ወለሏ ላይ ተሠምሯል።

«ባልጠይቅ ኖሮ...»

«ብትጠይቂም ባትጠይቂም መስመሩ ነበረ ኤዶ። እዚያ ካርታ ላይ ስንት ዓመቱ ነው። አንቺ አሁን አየሽው እንጂ።»

«መቼ ነው የሚመጡት?»

«አላውቅም። የዛሬ ዓመት ይሆናል፤ የዛሬ ሃያ ዓመትም ይሆናል። የይዞታ ወረቀትሽ ሕጋዊ ስለሆነ ካሳ እንጠይቃለን፤ ስንት እንደሚሰጡሽ ግን አልዋሽሽም፣ አላውቅም።»

ሞሐሙድ ከአልጋው ሆኖ ሁሉንም ሰምቷል። «እንዳትፈርሚ!» አለ፤ ያ የድሮው ድምፁ ነበር። «የእናትሽ ቤት ነው። ሱቁ ከሄደ በምን ትኖሪያለሽ? እኔ ለስንት ቀን ነው? ለእኔ ብለሽ እንዳትፈርሚ!»

ሸፊቃ በዚህ ጊዜ ተናደደች። ከፍርሃቷ ሁሉ በላይ ተናደደች። «ለስንት ቀን እንደሆንክ አላህ ያውቃል፤ አንተ ሒሳቡን ማን ሰጠህ? ውሃዬን ሎሚ ላይ እየደፋህ ቀን ትቆጥርልኛለህ?» ብላ ጮኸችበት። ሞሐሙድ እንደምታውቅ አላወቀም ነበር። ሸፊቃ ብዕሩን ተቀበለች፤ ፊርማዋ ጠማማ ሆኖ ወጣ፣ ግን ወጣ።

ክፍሉ በሥራ ቀን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያየ ተሠራ። ጦልሃ «እንዲህ ስሠራ ራቁቴን የቆምኩ ይመስለኛል» እያለ ሲያማርር ከረመ። ደንብ አስከባሪዎች ሁለት ጊዜ መጡ። ሁለቱንም ጊዜ ሸፊቃ ፈቃዱን ከጉያዋ አውጥታ ሰጠች፤ ሁለቱንም ጊዜ አንብበው መለሱላት። ሰላም ግን አላገኘችም። ድሮ ፍርሃቷ የሆነ ቦታ ያለ ነገር ነበር፤ አሁን ሁለት ሜትር ስፋት አለው፣ በየቀኑም እላዩ ላይ ቆማ ባጊያ ትጠብሳለች።

ሲሚንቶው በደረቀ ማግስት፣ ከምሳ በኋላ፣ ሞሐሙድ ከአልጋው ተነሳ። በድሩን አልጠራም። ብረቱን ይዞ፣ ግራ እግሩን እየጎተተ፣ ሰባቱን እርምጃ በአሥራ አንድ ጨረሰው። ሸፊቃ ከኋላው እጇን ዘርግታ ሳትነካው ተከተለችው። ገባ። በሩ ተዘጋ። ከዚያ መቀርቀሪያው ከውስጥ ሲወረወር ሰማች፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ይህ ሰው አንድ በር በራሱ ላይ ዘግቶ አያውቅም።

ልክ በዚያች ሰዓት ከሱቁ ፊት ለፊት መኪና ቆመ። አንድ በር ተከፈተ፤ ሌላም በር። የወንዶች ድምፅ። ሳምቡሳ ገዢዎች ይሆናሉ፤ መንገደኛ አቅጣጫ ሊጠይቅ ይሆናል። አንዱ እንደ ባለሜትር ቁጥር የሚጠራ መሰላት። ዞራ ማየት አልቻለችም፤ ግንባሯን አዲሱ በር ላይ አስደግፋ ዓይኗን ጨፈነች። እዚህ ብቆይ፣ አለች በልቧ፣ እሱ እስኪወጣ ድረስ ብቻ እዚህ ብቆይ።

«ሸፊቃ» አለ ሞሐሙድ ከውስጥ።

«አቤት።»

«ከበሩ ላይ ሂጂ አቦ። ሰው ቆሞ እየሰማኝ አይሆንልኝም።»

ግንባሯን ከበሩ አነሳች። «እሺ» አለች፤ ሻርፗን አስተካክላ ወደ ሱቁ ሄደች።